የሰው ብጣሽ

አያቴ ሳትጸድቅ ትሞታለች ብዬ የሰጋሁት ገና ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ቤተሰቡ ስለ ሕመሟ ሲጨነቅ፣ እኔ ሕመሙን ለሐኪሙ ትቼ የነፍሷን ጉዳይ በራሴ ላይ ወሰድኩ። ማንም አልጠየቀኝም። እንዲያውም ሌላ የሚያስብበት ሰው እንደሌለ ሳይ ነው ነገሩ የኔ ድርሻ መሆኑን ያወቅሁት።

አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ልብስ ሰፊ ነበረች። የቤታችን የፊተኛው ክፍል የስፌት ቤቷ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ ደግሞ እሷ፣ እናቴና እኔ እንኖራለን። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበረ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚያድረው። አያቴ ሰፍታ የጨረሰችውን ልብስ መጀመሪያ የምታየው ከውስጥ በኩል ነው። ትገለብጠዋለች፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ታወርዳለች፣ ከዚያ በጣቷ ስፌቱን እየዳበሰች ትሄዳለች። ከውጭ ቀጥ ብሎ ከውስጥ ትንሽ የተጣመመ ስፌት ካገኘች ምላጯን አንስታ ትተረትረዋለች። "ውጩንማ ሌባም ያሳምረዋል" ትላለች። ሙያውን ከእሷ የተማረችው እናቴ ስንት ቀሚስ እንደተተረተረባት እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።

ሌላው የምትታወቅበት ነገር ብጣሽ ነው። ሌሎች ሰፊዎች ከደንበኛ ጨርቅ የተረፈውን ለትራስም ለልጅ ልብስም ያደርጉታል፤ ሰውም ለምዶታል፣ አይጠይቅም። አያቴ ግን ጣት የማታህል ብጣሽ እንኳ ሳትቀር ሰብስባ፣ ጠቅልላ፣ በክር አስራ ከልብሱ ጋር ትመልሳለች። "የሰው ብጣሽ ቤቴ አያድርም" ነው ነገሯ። ከሰውም በነጻ ምንም አትቀበልም። ጎረቤት ብርቱካን ቢልክላት ሳይመሽ ሙዝ ጨምራ ትመልሳለች፤ ላኪዋም ስጦታ ይሁን ቅጣት የደረሳት ግራ ይገባታል። ስለዚህ ሰፈሩ ያምናታል፣ ያከብራታል፣ የሚወዳት ግን አልነበረም። ከኋላዋ "መቀሷ" ነው የሚሏት፤ ስለ ሥራዋ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ስለ አፏም ጭምር ነው። እኔን ራሴን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። "አንቺ ልጅ" ነኝ። "አንቺ ልጅ፣ መርፌ ወድቋል፣ ልቀሚ።" "አንቺ ልጅ፣ ብርሃኑን አትከልክዪኝ።" አያት ማለት እንዲህ ነው ብዬ ስለማስብ አልቀየማትም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። መምህራችን በሥራ ቀን እህል ሻጭ ነበርና አንድ እሑድ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛኑን ተሸክሞ መጣ። በአንዱ ሳህን ላይ ጠጠር ጣለ። "ውሸት" አለ። ሌላ ጣለ። "ስድብ።" "ምቀኝነት።" "ወንድምን መጥላት።" ሳህኑ ጠረጴዛውን እስኪነካ ወረደ። ከዚያ ከከረጢት ጥጥ አወጣና በሌላኛው ሳህን ላይ ቆንጠር ቆንጠር እያደረገ ያስቀምጥ ጀመር። "ይሄ ለተራበ የሰጠነው ዳቦ ነው። ይሄ ለደካማ የቀዳነው ውሃ።" ጥጡ ሳህኑን ሞልቶ ወደ ጠረጴዛው ፈሰሰ፤ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም። "ታዲያ ሰው በምን ይድናል? የሚመጣው እሑድ ኑና እናያለን" አለና ሚዛኑን ተሸክሞ ሄደ።

እኔ የሚመጣውን እሑድ መጠበቅ አላስፈለገኝም። መልሱ ግልጽ ነበር፣ ጥጡ አንሷል።

በዚያው ሳምንት አያቴ የስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል አለ። ከእናቴ ጋር ከመጋረጃው ውጭ በሹክሹክታ ካወሩ በኋላ እናቴ ፊቷን ታጥባ ገባች። ከዚያ ወዲያ እሷ ስፌቱን ያዘች፣ እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስና እሑድ እሑድ አያቴን እንድጠብቅ አልጋው አጠገብ ተመደብኩ። የትምህርቱ ሁለተኛ አጋማሽ እንዲህ አድርጎ አመለጠኝ።

አያቴ ትራስ ተደግፋ ዓይኗን ስትጨፍን እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሚዛኗን እሠራ ነበር። በጠጠሩ በኩል ስርቆት የለባትም፣ ውሸትም የለባትም። ስድብን በተመለከተ ግን ሰፈሩ በሙሉ ምስክር ነው። በጥጡ በኩል ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ብጣሽ መመለስ ጥሩ ነው፤ ግን የሰውን ለሰው መመለስ መስጠት አይደለም። ሙዙም ቢሆን ለብርቱካኑ አጸፋ ነው። አያቴ አንዲት ቆንጠር ጥጥ እንኳ ሳትይዝ እግዚአብሔር ፊት ልትቀርብ ነው ማለት ነው። መቀስም ብትሆን አያቴ ናት። እሷ ተነስታ መስጠት ካልቻለች እኔ በስሟ እሰጥላታለሁ አልኩ።

የቁርስ ዳቦዬን ግማሽ ኪሴ ውስጥ ከትቼ ከመንገዱ ማዶ ላለው ለወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ወሰድኩለት።

"እማማ ልከውልዎት ነው" አልኩት።

"የትኛዋ እማማ?"

"የኛ።"

ዳቦውን አገላብጦ አየው። "መቀ..." ብሎ ጀመረና ቃሉን ዋጠው። "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ለመሆኑ ሕመሙ ብሶባቸዋል?"

"ትንሽ።"

"አይ፣ ብሶባቸዋል" አለና ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎ መብላት ጀመረ።

መዋሸቴ ጠፍቶኝ አይደለም። በስሟ በሰጠሁ ቁጥር በእሷ በኩል ጥጥ፣ በእኔ በኩል ጠጠር እንደሚጨመር ይገባኝ ነበር። ግን እኔ ልጅ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ፤ እሷ ጊዜ የላትም። ጠጠሩ ለጊዜው እኔ ጋ ይቀመጥ አልኩ።

ቀጥዬ የሄድኩት ልብስ አጣቢዋ ጋ ነው። ቤቷ ቅያሱ መጨረሻ ላይ፣ ከቦኖው አጠገብ ነው። ሰፈሩ በሙሉ እኛ ቤት ልብስ ሲያሰፋ እሷ ደጃችንን ረግጣ አታውቅም። እናቴ ግን አልፎ አልፎ ወደዚያ ብቅ ትላለች፤ አጣቢዋም እኔን መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጉንጬን ይዛ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ሰፊና አጣቢ በጠባያቸው አይዋደዱም ብዬ ነበር የማስበው፤ አንዷ የሰፋችውን ሌላዋ እያሸች ትጨርሰዋለች። በትንሿ ጄሪካን ውሃ ቀድቼ፣ ዳቦዬን በወረቀት ጠቅልዬ እያዘመምኩ ደረስኩ።

"እማማ ልከውልዎት ነው።"

እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ ቆመ። "ማን?"

"እማማ ናቸዋ። አያቴ።"

"ምን ብላ?"

እዚህ ላይ ትንሽ ማሳመር ያስፈልግ ነበር። "'አደራ፣ ለእሷ አድርሺልኝ' አሉ።"

የተደፋ ሳፋ ላይ ቁጭ አለች። ዓይኗን በእጅ አንጓዋ ስትጠርግ አረፋው ጉንጯ ላይ ቀረ። "ይህን ሁሉ ዓመት" አለች። "ይህን ሁሉ ዓመት።" ለካ ይህን ያህል ርቧት ኖሯል ብዬ አዘንኩ። "ነገም አመጣለሁ" ስላት እያለቀሰች ሳቀች፣ ወደ እርጥብ ሽርጧም ሳብ አድርጋ አቀፈችኝ።

እንዲህ ሥራዬ ሲቃና ያሰናከለችብኝ እናቴ ናት። በማግስቱ ጠዋት ስፌት ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክኬ የወዳደቀ መርፌ እየለቀምኩ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ እናቴ የአያቴን ያበጠ እግር በሞቀ ውሃ እያሸችላት ነው፤ የውሃው ድምፅ ይሰማኛል።

"ቤቱ ላንቺ እንዲሆን እፈልጋለሁ" አለች አያቴ። "የስፌት መኪናውም።"

"አልፈልግም፣ እማማ።"

"አልፈልግም ማለት ምን ማለት ነው? ለዚያ ለበደልኩሽ ነው። ካሣ ነው።"

"ካሣማ ከሆነ ጭራሽ አልፈልግም።"

"ታዲያ ምን ላድርግልሽ? ንገሪኝና ልፈጽመው።"

"ምንም።"

"እንዲህ ያለ ነገር በምንም አያልቅም።"

"እኔ ድሮ ጨርሼዋለሁ። ያልጨረሱት እርስዎ ነዎት።"

አያቴ "ልጅቷ ታውቃለች?" አለች።

"አታውቅም። ከኔም አትሰማም።"

የማላውቀው ነገር አያቴ እንደምትሞት መስሎኝ ነበር፤ እሱንማ ከማንም ቀድሜ አውቄዋለሁ። ያበገነኝ ሌላው ነው። እኔ ግማሽ ግማሽ ዳቦ እያልኩ ስለቃቅም፣ አያቴ በራሷ ጊዜ አንድ ሙሉ ቤት አውጥታ ልትሰጥ፣ የዓመት ጥጥ በአንዴ ልታገኝ፣ እናቴ "አልፈልግም" ብላ ከለከለቻት። ያን ቀን እናቴን ጠላኋት። ስታናግረኝ ፊቴን አዞርኩ፤ እሷም አሞኝ እንደሆነ ብላ ግንባሬን ዳበሰች።

ያ በደል ምን እንደነበረ ያወቅሁት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለሁ፣ ከአባቴ አፍ ነው። አያቴ እናቴን ለልጇ አልፈለገቻትም ነበር። እኔ ስወለድ አባቴ ረጅም መንገድ ላይ ነበር። እናቴ ሌላ መጠጊያ አልነበራትምና አራስ ገላዋን ይዛ፣ እኔን ታቅፋ አማቷ ደጅ መጣች። ዝናብ ነበር። አያቴ በሩ ላይ ቆማ የተጠቀለልኩበትን ጨርቅ ገለጥ አድርጋ አየችኝ፣ ከዚያ የተሰበሰበው ጎረቤት እየሰማ፣ "ይቺ የልጄ ልጅ አይደለችም። የሰው ብጣሽ ቤቴ አያድርም" አለችና በሩን ዘጋች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከተሰበሰበው ሰው መካከል የራሷን ነጠላ አውልቃ እናቴ ላይ ጣል አድርጋ የወሰደችን አጣቢዋ ናት። እግሬን ተክዬ እስክሄድ እዚያ ኖርን። አያቴ አንድ ቀን ቦኖው አጠገብ ስጫወት አይታኝ ኖሮ፣ ፊቴ የአባቴ የልጅነቱ ቁርጥ ሆኖባት፣ ቤቷ ገብታ ለሁለት ቀን መቀስ አልነካችም። ከዚያ አባቴን "ሚስትህን አምጣት" አለችው። ይቅርታ ግን አልወጣትም። እናቴም አልጠየቀችም። ስለዚያ ቀን በዚያ ቤት ውስጥ ቃል ሳይነሳ ዓመታት አለፉ።

ቤቱ በኋላ በውርስ ለአባቴ ደረሰው፤ እናቴም ደስ ብሏት ግድግዳውን አስቀባች። ካሣ ሲሆን እምቢ ያለችውን ውርስ ሲሆን ተቀበለችው። በልጅነቴ ክፋት የመሰለኝ እምቢታ፣ አያቴ ይቅርታን ገዝታ እንዳትሄድ መከልከል ነበር። ያመለጠኝንም ትምህርት ዘግይቼ ከአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ሰማሁ። በሁለተኛው እሑድ መምህራችን ጥጡን ሁሉ ጠርጎ ከረጢቱ ውስጥ መለሰው አሉ። ከዚያ ጠጠሮቹን ከሳህኑ ላይ አንድ በአንድ ለቅሞ የራሱን ኮት ኪስ ሞላና፣ ኪሱ ሊቀደድ እስኪደርስ እየከበደው፣ ትምህርቱ እስኪያልቅ በክፍሉ ውስጥ ሲዞር ዋለ። ልጆቹ ሳቁበት። እኔ እዚያ ብኖር ኖሮ የምስቅ አይመስለኝም።

ያኔ ግን ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው አያቴ መተንፈስ እየከበዳት መምጣቱንና ጥጡ ገና መሆኑን ብቻ ነው።

አጣቢዋ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣች። የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ እጇን ምን እንደምታደርገው ጠፍቷት ስፌት ቤቱ በር ላይ ቆመች። የእናቴ የስፌት መኪና ቀጥ አለ። ሁለቱ ተያዩ፤ እናቴ ምንም ሳትጠይቅ መጋረጃውን ገለጠችላት። አጣቢዋ አልጋው ግርጌ ሄዳ ቆመች።

"ዳቦሽ ደረሰኝ" አለች። "ውሃውም። ካንቺ ይመጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። እኔም ቂሜን ይዤ መኖር ሰልችቶኛል። ይቅር ለእግዚአብሔር ልልሽ ነው የመጣሁት።"

አያቴ ዓይኗን አጥብባ አየቻት። ዝም ካለች ሁሉም ነገር ያምራል፤ ጥጡ ይቆጠርላታል፣ አጣቢዋም ደስ ብሏት ትሄዳለች። ዝም በይ፣ ዝም በይ እያልኩ በሆዴ ለመንኳት።

"እኔ አልላክሁም" አለች አያቴ።

አጣቢዋ የአልጋውን ግርጌ ያዘች።

"ዳቦም ውሃም አልላክሁም። መላክ ነበረብኝ፣ አልላክሁም። የኔ ያልሆነ ምስጋና አልወስድም።"

የአጣቢዋ ፊት ደም መሰለ። "ታዲያ ማን ነው?" ስትል ሦስቱም ዞረው እኔን አዩኝ። ማልቀስ ጀመርኩ። ሚዛኑንም፣ ጠጠሩንም፣ ጥጡንም፣ ዘበኛውንም አንድ ላይ ዘረገፍኩት።

"እርስዎ ጥጥ የለዎትም" አልኳት አያቴን። "ሳይድኑ እንዳይሞቱ ብዬ ነው። መነሳት ስላቃተዎት እኔ በስምዎ ሰጠሁ።"

"ከየት አምጥተሽ?"

"ከቁርሴ።"

"የሰው ብጣ..." አለች አያቴ እንደ ልማዷ፤ ቃሉም አፏ ላይ ቀረ። ጀምራ ያቋረጠችው ነገር አይቼ አላውቅም። እናቴን አየቻት። እናቴ ዓይኗን አላሸሸችም።

"አየሽ አይደል? በዚያ ዝናብ ያባረርሻት..." ስትል አጣቢዋ፣ እናቴ ክንዷን ያዘቻት። "ተዪያት" አለች። "በቃ፣ ተዪያት።"

አያቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። "ይቺ?" አለች። "ከሰው ሁሉ ይቺ?" ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያስለቀሳት የጥጡ ማነስ መሰለኝ።

"ነገም እጨምራለሁ፣ እማማ። አያልቅሱ" አልኳት።

ያ ጭራሽ አባባሰባት። ሲበርድላት ወደ እናቴ ዞረች። "ለዚህ ምን ይመለሳል? ምን አለኝ እኔ?"

እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "ምንም የለዎትም። ለዚህ የሚመለስ ነገር የለም። ይቀበሉ፣ በቃ።"

"መቀበል አላውቅበትም።"

"አውቃለሁ፣ እማማ" አለች እናቴ።

አያቴ አንድ እጇን ከፊቷ ላይ አውርዳ ብርድ ልብሱ ላይ አኖረችው፣ መዳፏ ወደ ላይ። ያን እጅ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይዞ ነው የማውቀው፣ መቀስ ወይ ምላጭ ወይ ካውያ። ባዶውን ሳየው ምን እንደፈለገች አልገባኝም፤ የውሃውን ብርጭቆ አቀበልኳት፣ አልያዘችውም። "እጅሽን ስጫት" አለችኝ እናቴ። ሰጠኋት። መዳፏ ከመርፌ ብዛት ሻክሯል፣ ግን ይሞቃል።

"አንቺ" አለች አያቴ ወደ አጣቢዋ፣ እጄን ሳትለቅ። "ያን ቀን በሬ ላይ ቆመሽ ሰምተሽኛል። አሁንም ስሚኝ። ይቺ የልጄ ልጅ ናት።" ትንፋሿን ለመሰብሰብ ቆም አለች። "የልጄ ልጅ ናት።"

አጣቢዋ ራሷን ነቀነቀች። እናቴ አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛለች። እኔ ፈራሁ። ሕመሙ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ማን እንደሆንኩ አጥታኝ ቆይታ አሁን ገና ያስታወሰችኝ መሰለኝ። እንዳትጨነቅ ብዬ በሌላው እጄ እጇን መታ መታ አደረግሁላት።

"አውቃለሁ እኮ፣ እማማ" አልኳት። "ድሮም አውቃለሁ።"